«ስንት ቀን?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት፦ ስለ ፒኤችኪው-9 ያለኝ አስተያየት

ዛሬ የምገመግመው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ፒኤችኪው-9 ይባላል። ሕክምና ቤት ውስጥ ድባቴን ለመለየት የሚሞላ የዘጠኝ ጥያቄዎች ቅጽ ነው። እህቴን ይዤ በሦስት ቀጠሮ አራት ጊዜ ሲሞላ አይቻለሁ። አራት ጊዜ የሆነው የመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ስለተሞላ ነው። ለምን ሁለቴ እንደተሞላ እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እህቴ «ጻፊው» ብላኛለች። ስሟን ግን አልጠራም። እኔ እታለም ነው የምላት፤ እዚህም እታለም ትሁን። 41 ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሰርግ ላይ መጀመሪያ ተነስታ የምታጨበጭበው እሷ ናት። ለቅሶ ቤት አልበላም ያለውን ሐዘንተኛ ለምናም ተቆጥታም እህል የምታስቀምሰው እሷ ናት። መሥሪያ ቤቷ ሰው ሲወልድ መዋጮ የምትሰበስበው፣ ሰው ሲጣላ የምታስታርቀው እሷ ናት። እኔን 36 ዓመት ሞልቶኝም ሚጣ ነው የምትለኝ። እንዲህ ያለችን ሴት ድባቴ አለባት ብሎ ማን ያስባል? እማዬ አላሰበችም። ባሏም። እኔም።

ቃሉ ራሱ ብዙ አይረዳንም። «ደብሮኛል» የምንለው መብራት ሲጠፋ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ነው። ሰላምታችንም እንዲሁ። «እንዴት ነሽ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆችስ?» «ደህና ናቸው።» «ሥራስ?» «ምን ይላል ብለሽ።» ይህን ሰላምታ እወደዋለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግን መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ መጋረጃ የለም። አምስት ጊዜ ተጠይቆ አምስት ጊዜ ደህና ብሎ ማለፍ ይችላል። «ጥርስ ባዳ ነው» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው።

የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር የዋለው። ጾም የለም። እታለም ቤት ተሰበሰብን። ዶሮውን ሠርታለች፣ ድፎውን ደፍታለች፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። የሰፈር ልጆች አበባየሁሽ ሊሉ ሲመጡ በረንዳ ላይ ወጥታ «ለምለም!» እያለች አብራቸው አጨበጨበች። ሁላችንንም በየተራ አጎረሰችን። ራሷ ግን አልቀመሰችም። «ስሠራ ሽታው አጠገበኝ» አለች። ከዚያ በፊት የጳጉሜን ጾም ይዣለሁ ብላ ነበር። ከዚያ በፊት ፍልሰታ ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ መደመር እንጀራዬ ነው። ይህንን ግን አልደመርኩትም።

ማታ ወጥቼ ታክሲ ተራ ስደርስ ቻርጀሬን መርሳቴ ታወሰኝና ተመለስኩ። በሩ አልተቆለፈም። ባሏ ልጆቹን ይዞ እናቱን ሊጠይቅ ሄዷል። ሳሎኑ ጨለማ ነው። ከወጥ ቤት የውኃ ድምፅ ይሰማል። ገባሁ። እታለም በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሐበሻ ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ቧንቧው ተከፍቶ ሳህኖቹ ላይ ይፈሳል። መብራት አላበራችም። እጆቿ ጭኗ ላይ አርፈዋል፣ መዳፋቸው ወደ ላይ። አታለቅስም። ምንም አታደርግም። ፊቷ ሰው ለቆ የወጣበት ቤት ይመስል ነበር።

«እታለም?» አልኳት።

ቀና አለች። መጀመሪያ ጉንጯ ተነሣ። ቀጥሎ ጥርሷ ታየ። ዓይኗ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው። «ውይ ሚጣ! ደግሞ ምን ረሳሽ አንቺ ዝንጉ!» ድምጿ የወትሮው ነው፣ ሞቅ ያለ። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ግን ሳቋን ስትለብሰው አየሁ። ልክ ነጠላ እንደሚለበስ።

ቧንቧውን ዘጋሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» «ደክሞኝ ነው፤ ዶሮ ቀላል መሰለሽ?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ እየደመርኩ አደርኩ። ቴሌግራሟ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ኦንላይን ይላል፣ በተደጋጋሚ። በፊት በየእሑዱ ትደውልልኝ ነበር። አሁን እኔ ካልደወልኩ አትደውልም። ስደውል ግን ወዲያው ታነሣለች፣ ትስቃለች፤ ስለዚህ የቀረው የእሷ መደወል እንደሆነ ልብ አላልኩም። ለራስ ምታት ማስታገሻ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ጨጓራዬ ትላለች። ሐምሌ ላይ ለዚሁ ጨጓራ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሐኪሙን አስቃው ነው የወጣችው። «አንቺማ ምንም የለብሽም፣ እንደዚህ የምትስቂ» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈላት። ይህን እሷው ራሷ እንደ ጨዋታ ነው የነገረችን፤ እኛም ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

መስከረም መጨረሻ ላይ የሥነ አእምሮ ሕክምና ያለው ክሊኒክ ወሰድኳት። አላታለልኳትም። «እኔ ፈርቻለሁ፣ ለኔ ስትይ ነይ» አልኳት። ለሰው ስትል የማታደርገው ነገር ስለሌለ መጣች።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ለካርድና ለምርመራ 1200 ብር ከፈልን፤ ለብዙ ሰው ቀላል ብር አይደለም። መጠበቂያው ንጹሕ ነው። የታካሚን ሙሉ ስም ከነአባት ስም ኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ መጥራት ግን በዚህ ሕክምና ላይ መቅረት አለበት። እታለም ስሟ ሲጠራ ዙሪያዋን እንዴት እንዳየች ብታዩ ይገባችኋል። ቁጥር መስጠት ምን ያህል ይከብዳል?

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጥያቄዎቹ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ነገሮችን ለማድረግ ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት፣ ማዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ፣ የእንቅልፍ ችግር፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ራስን መጥላት ወይም ቤተሰብን እንዳሳፈሩ ማሰብ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ መጨረሻ ላይ ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ። ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ አለ። ምንም ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀናት ከሆነ 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚቻል ከሆነ 3። ድምሩ ከ27 ነው። ከ5 ጀምሮ ቀለል ያለ፣ ከ10 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ15 ጀምሮ ጠንከር ያለ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ተብሎ ይነበባል።

እታለም እስክሪብቶ ተቀብላ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር እየተጫወተች ሞላችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እንቅልፍ 1፣ ድካም 2፣ የምግብ ፍላጎት 1፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። ድምር 4። በዚህ ወረቀት መሠረት እህቴ ጤነኛ ናት።

የሥነ አእምሮ ነርሷ በዕድሜ ጠና ያለች ናት። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ወረቀቱን አየችው፣ እታለምን አየቻት፣ መልሳ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ባዶ ቅጽ አወጣችና ወንበሯን ወደ ግድግዳው ካላንደር አዞረች። ስለ እኔ «ትቀመጥ ወይስ ትውጣ?» ብላ እታለምን አስፈቀደች። «ትቀመጥ» አለች እታለም።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነቃሽ?»

«አሥር ሰዓት።»

«መልሶ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«አይ። ተነስቼ ቤት አስተካከልኩ።»

«ትናንትናስ፣ የሰኞ ሌሊት?»

«ያው... ዘጠኝ ተኩል።»

«የእሑድስ?»

እንዲህ እያለች በጣቷ ካላንደሩ ላይ ወደ ኋላ ሄደች። አርብ ላይ ስትደርስ እታለም መሳቅ አቆመች። ሐሙስ ላይ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ መጠቅለል ጀመረች። ሲስተር አልቸኮለችም። ከ14 ቀን 13ቱን ሌሊት በጊዜ ነቅታለች። 1 የነበረው እንቅልፍ 3 ሆነ። ድካምም 3። የምግብ ፍላጎትም 3።

«አዝነሽ ነበር?» ስትባል «አላዘንኩም» አለች፣ በእርግጠኝነት። «ማልቀስ እንኳ ቢመጣ ጥሩ ነበር። ምንም ነው የማይሰማኝ።» እዚህ ላይ ሲስተር 1 ብቻ ነው የጻፈችው። የደስታው ጥያቄ ላይ ግን ቆየች። «ባለፈው ሳምንት ለራስሽ ደስ ብሎሽ ያደረግሽው ነገር ንገሪኝ። ለሰው ሳይሆን ለራስሽ።» እታለም አሰበች። በጣም ረዥም ጊዜ አሰበች። አላገኘችም። 2 ተጻፈ።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳን፣ ድባቴ ነው ለማለት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ ከግማሽ በላይ ቀናት መኖር አለበት፤ ወይ ሐዘኑ፣ ወይ ደስታ ማጣቱ። እንደ እህቴ ያለ ሳቂታ ሰው በሐዘኑ በር አይገኝም። በሌላው በር ነው የሚገኘው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንፈልገው እንባ ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ያለችውን መቼም አልረሳም። «ሰው ሁሉ ይወደኛል። የሚወዱት ግን እኔን አይደለም። ሁሉንም እያታለልኩ የምኖር ይመስለኛል።» 2። ሐሳብ መሰብሰብ 1። መንቀርፈፍ ዜሮ፤ እሷ ቢደክማትም መሮጥ አታቆምም። ዘጠነኛው ጋ ሲደርሱ ሲስተር በትሕትና ውጪ አለችኝ። ትክክል ነበረች። እኔ እዚያ ብቀመጥ እታለም እኔን ላለማስደንገጥ ዜሮ ትል ነበር። 1 ማለቷን ከሳምንታት በኋላ ነው የነገረችኝ።

ድምር 16። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ወረቀት። መጀመሪያ 4፣ ቀጥሎ 16።

ስለዚህ ለወረቀቱ ብቻውን ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። በሲስተር እጅ ሲሆን አምስት። ጥንካሬው «እንዴት ነሽ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። «ስንት ቀን?» ነው የሚለው። «እንዴት ነሽ» ለሚለው እታለም የ41 ዓመት ልምምድ አላት። «የሐሙስ ሌሊት ስንት ሰዓት ነቃሽ» ለሚለው ግን የተዘጋጀ መልስ የላትም።

ቅጹ እንደ ዋዛ የተጻፈ አይደለም። ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊሊያምስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ አስተማማኝነቱ ያጠኑትን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ለመጠቀምም ለመተርጎምም ፈቃድ አያስፈልግም፣ አይከፈልበትም። በኢትዮጵያም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ውስጥ 926 አዋቂዎችን መዝኗል። መለያው ድምር 10 ሲሆን (10 ወይም ከዚያ በላይ ያመጣ ይጠረጠራል)፣ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ይይዛል። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 67ቱን በትክክል ይለቃል። በሌላ አነጋገር 33ቱን ያለ ጥፋታቸው ይጠረጥራል። ለዚህ ነው ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ የማይሆነው። ሐኪሙም በቁጥሩ ብቻ አልተነሣም። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ አዘዘ፤ ሁለቱም ድካም ያመጣሉ። እንቅልፍ ሳያስፈልጋት ከመጠን በላይ የፈነደቀችበት፣ ገንዘብ የበተነችበት ወቅት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ያ ካለ በሽታው ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ቅሬታዬን ልናገር። የተሰጠን ቅጽ የኮፒ ኮፒ ነው። የ2 እና የ3 ዓምዶች ርዕስ ደብዝዞ አይነበብም። ለዓይነ ደካማ፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጨርሶ አይሆንም። ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ ጥያቄ ያስገባል። እንቅልፍ ማጣትና መብዛት አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ መንቀርፈፍና መቁነጥነጥም እንዲሁ። ሰው የቱን እንደመለሰ ካልተጠየቀ አይታወቅም።

ትልቁ ክፍተት ግን የምግቡ ጥያቄ ነው። ጾምን አያውቅም። እኛ አገር ሰው በዓመት ስንትና ስንት ቀን ይጾማል። ያልበላን ሰው «ለምን አልበላህም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እታለም ከፍልሰታ ወደ ጳጉሜን፣ ከጳጉሜን ወደ ረቡዕና ዓርብ እየተሸጋገረች ሦስት ቀበቶ ቀዳዳ ከሳች፤ ሁላችንም «በርቺ» አልናት። ማንም እንዳይመስለው፣ ጾሙን አልነቅፍም፣ እኔም እጾማለሁ። ጸበልም ሄዳለች፣ አሁንም ትሄዳለች፤ ሐኪሙ ሲሰማ «መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ» ብቻ ነው ያላት። ግን ይህን ቅጽ የሚያስሞላ ባለሙያ ሁሉ ስለ ጾም ለብቻ መጠየቅ አለበት። ሲስተር እንዴት እንደምትጠይቅ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ቅጹን ቤት ወስዶ ሰው ላይ መፈተን ጥሩ አይመስለኝም። «ነይ ተፈተኚ» የተባለ ሳቂታ ሰው ዜሮ በዜሮ አድርጎ ነው የሚመልስላችሁ። አጠያየቁን ግን ውሰዱት። እኔ አሁን ጓደኞቼን «ደህና ነሽ?» ብዬ አላቆምም። «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ምሳ ምን በላሽ? ማን ጋ ደወልሽ?» እላለሁ። ዘጠነኛውንም ጥያቄ አትፍሩት። ሐሳቡን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ፈርቼ ስላልጠየቅሁ እታለም ያን ሁሉ ወር ብቻዋን ይዛው ዞራለች። መልሱ አዎ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል አለ።

ሕክምናውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፍሉኦክሴቲን ታዘዘላት፣ በቀን አንድ 20 ሚሊግራም። ከንግግር ሕክምና ጋር። ሐኪሙ ቀድሞ ባያስጠነቅቀን ኖሮ በሳምንቱ እናቋርጠው ነበር። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ለውጡ ደግሞ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ይዘገያል። ሲሻል በራስ ፈቃድ ማቆም የለም። እማዬ «ለሳቂታ ልጅ ምን መድኃኒት» ብላ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ደውላ «ዋጥሽው?» የምትለው እሷ ናት።

ኅዳር ላይ ድምሩ 11 ሆነ። በዚያ ሰሞን እታለም አንድ እሑድ ደወለችልኝ። ራሷ። ስታወራ ግን አልሳቀችም። «ሚጣ፣ ዛሬ ከብዶኛል» አለች፣ ከዚያ ዝም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አብሬያት ዝም አልኩ። እስካሁን ከደወለችልኝ ሁሉ ይህ ጥሪ ይበልጥብኛል።

ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛው ቀጠሮ ሄድን። የነቢያት ጾም ነው። ሲስተር እንደ ልማዷ ካላንደሩ ጋ ዞረች። እንቅልፍ፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ። ቁጥሮቹ ወርደዋል፤ ድምሩ 7 ነው የመጣው። ከ5 በታች እስኪሆን ገና ነን፣ ሕክምናውም ይቀጥላል። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ወረቀቱን አላነበበችም።

«ጾም ላይ ነሽ አይደል? ምን በላሽ አልልሽም። ምን አማረሽ?»

መስከረም ላይ ይህንኑ ስትጠየቅ «ምንም» ነበር ያለችው። አሁን እታለም አንገቷን ሰበር አደረገች፣ እንዳፈረ ሰው።

«ሲስተር፣ ይቅር ይበለኝና፣ ዱለት። ሌሊት ሁሉ ዱለት ነው የማስበው።»

ሲስተር ዜሮ ጻፈች።